ሽማግሌ የገባበት ድንኳን

ስንጋባ ከደረሱን ስጦታዎች መካከል ብርድ ልብስ፣ የብርጭቆ ስብስብ፣ ሌላ የብርጭቆ ስብስብ እና አንድ ድንኳን ነበሩ። ድንኳኑን ያመጣው የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው። የሠርግ ድንኳን እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስተኛ፣ ሲታጠፍ ከትራስ የማይበልጥ፣ ሰማያዊና ነጭ ነገር ነው። እኔ ብርጭቆዎቹን መደርደሪያ ላይ ስደረድር እሱ ድንኳኑን ሳሎን መሐል ተክሎ ውስጡ ገብቶ ተኛ። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ ወደ ማዕድ ቤት ለማለፍ ግድግዳውን ታክኬ በጎን መሄድ ነበረብኝ። እሱ ከውስጥ ሆኖ፣ "አየሩ ልዩ ነው" አለኝ።

ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ነን። እሱ ሒሳብ ያስተምራል፤ እኔ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሜዳ ላይ አድረን አናውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ባለቤቴ ማታ ማታ ስልኩ ላይ የሚያየው ሁሉ ተራራ የሚወጣ ሰው፣ እሳት የሚያነድ ሰው፣ ፏፏቴ ሥር ቆሞ እጁን የሚዘረጋ ሰው ሆነ። እናቴ ዕቅዳችንን ስትሰማ፣ "ታዲያ ቤት የምትከራዩት ለምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። ሳቅን።

መጀመሪያ የወጣነው ወደ መርሐቤቴ ነው። ፋሲካ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፣ በትንሿ አሮጌ መኪናችን ከለሚ ቁልቁል ወደ ጀማ ወረድን። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ከመያዛችን በፊት ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ አገኘን። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ባለቤቴ በቪዲዮ ያየውን እያስታወሰ ድንኳኑን ተከለ፣ ገመዱን ወጠረ፣ ፊት ለፊቱ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘረጋና ውሃ የያዘ ነጭ ጀሪካን አስቀመጠበት። ፈቀቅ ብሎ ሥራውን ሲያደንቅ፣ ልጅ ያዘለች ሴት መጥታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ሰላም አልናት። መለሰችልን፤ ግን አልሄደችም። ሌላ ልጅ ያዘለች መጥታ ከኋላዋ ቆመች። ሦስተኛዋ ስትጨመር ሰልፍ መሆኑ ገባኝ።

"እህቴ፣ ምን እንርዳሽ?" አለ ባለቤቴ።

"ክትባቱ መቼ ነው የሚጀመረው?"

"የምን ክትባት?"

ሴትየዋ ድንኳኑን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። እኔም ለፀሐዩ ብዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። "የልጆቹ ነዋ" አለች።

"እኛ እኮ ለመዝናናት ነው የመጣነው።"

"በዚህ ሙቀት?"

ሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት ክትባት እንደሌለ ሲሰሙ፣ አንዴ ከመጣን ጉልበታቸውን እንድናይላቸው ጠየቁ። ባለቤቴ እኔ መድኃኒት ቤት እንደምሠራ በኩራት ተናገረ። ባይናገር ይሻለኝ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ታጣፊው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ጉልበት፣ ስለ ሳልና ስለ ዓይን ማዝ ሳዳምጥ ዋልኩ። መድኃኒት ስላልያዝኩ የምሰጠው ምክር "ጤና ጣቢያ ይሂዱ" የሚል ብቻ ነበር፤ እነሱ ግን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረው መረቁኝ። ባለቤቴ አንድ ሕፃን እንዲይዝ ተሰጥቶት ሕፃኑ ጭኑ ላይ ሸናበት። ድንኳኑ ውስጥ የማናውቃቸው ልጆች ተኝተው ነበር። እኛ ራሳችን የተኛነው መኪና ውስጥ ነው፤ ድንኳኑ የቀኑን ሙቀት ይዞ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሆኖ ነበርና።

እኔ በዚህ የበቃን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጥፋቱ የቆላው እንጂ የድንኳኑ አይደለም ብሎ ደመደመ።

ስለዚህ በጥቅምት ወደ ደጋ ተነሳን። ያው ድንኳኑን የሰጠን ባልደረባ ያደገው ግሼ ነው። ከጓሳ ሜዳ ወደ ራቤል ሲኬድ፣ ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ብሎ ከገደል አፋፍ የሚወርድ ፏፏቴ እንዳለ ነገረን። ርቀቱን ስንጠይቀው "እዚያው ነው" አለ። የደጋ ሰው "እዚያው ነው" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገና አልተማርንም ነበር።

ጣርማበር ላይ ከዋናው መንገድ ወደ መንዝ ስንገነጠል ጭጋግ ዋጠን። ባለቤቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል፤ እኔ በሌላኛው መስኮት አንገቴን አውጥቼ የገደሉን ዳር እነግረዋለሁ። መሐል ሜዳ ስንደርስ ሰማዩ ጠራ። ምሳ በልተን ገበያውን ስንዞር ከበግ ፀጉር የተሠራ ጥቁር ባና አየሁና እጄን ውስጡ ከተትኩ። ወዲያው ሞቀኝ።

"እንግዛው" አልኩት።

"የመኝታ ከረጢታችን እኮ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ይችላል። ላዩ ላይ ተጽፏል።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"ፋብሪካው።"

"ፋብሪካው ጓሳን ያውቀዋል?"

ፋብሪካው ሁሉንም ያውቃል ብሎ ባናውን ከእጄ ቀስ አድርጎ መለሰው። ሻጩ በሐዘን ተመለከተኝ።

ጓሳ የደረስነው ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ሳለ ነው። ሜዳው እስከ ሰማይ ጥግ ሣር ብቻ ነው፤ እዚህም እዚያም ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ብቻውን ቆሞ ሰው ይመስላል። ንፋሱ አያርፍም። ለእንግዳ ድንኳን የተፈቀደው ቦታ ላይ መኪናዋን አቁመን ዕቃ አወረድን። ባለቤቴ የድንኳኑን ከረጢት ከፍቶ ጨርቁን አወጣ፣ ካስማዎቹን አወጣ፣ ገመዱን አወጣ፣ ከዚያ ከረጢቱን ገልብጦ አራገፈው። ምንም አልወደቀም። ከረጢቱ ውስጥ ጭንቅላቱን ከትቶ አየ።

"ዘንጎቹ የሉም" አለ።

ዘንጎቹ እርስ በርስ እየተጋጠሙ ጣሪያውን ቀስት አድርገው የሚይዙት ናቸው። ያለ እነሱ ድንኳኑ አንሶላ ነው።

ከዚያ የሆነውን ባልና ሚስት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ "የጫንከው አንተ ነህ" አልኩ። እሱ "ያጣጠፍሽው አንቺ ነሽ" አለ። እኔ ስለ ባናው አነሳሁ። እሱ ባናው ከዘንጉ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቀ። ንፋሱ ስለሚጮህ እኛም እንጮሃለን፤ ባንጮህ ኖሮ ምናልባት አንጣላም ነበር። በመጨረሻ እሱ ድንኳኑን ትቶ እልህ ይዞት ወደ ሜዳው ገባና ሣር በእጁ መንጨት ጀመረ። መኪናዋ ጥግ ሣር ጎዝጉዘን ጨርቁን ለብሰን እንተኛለን ማለቱ ነው። ትልቅ ሸክም ታቅፎ ሲመለስ ከኋላው አንድ ፈረሰኛ ይከተለዋል።

ፈረሰኛው ባና ደርበው ዱላ የያዙ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። የጓሳ ጠባቂ ናቸው። ከፈረሱ ሳይወርዱ፣ "እንደምን ዋላችሁ። ልጄ፣ ያን ሣር ማን ፈቀደልህ?" አሉ።

"ሣር ነው ብዬ ነው" አለ ባለቤቴ።

"አዎ፣ ሣር ነው። የጓሳ ሣር ነው። ተዘግቷል።"

ሣር እንደ ሱቅ እንደሚዘጋ ሰምተን አናውቅም። ጠባቂው አስረዱን፤ ያ ሣር የአገሩ ሰው የቤቱን ክዳን የሚያለብስበት ነው፤ ሁሉም ተስማምቶ ዘግቶታል፣ ተመካክሮ ቀን ቆርጦ እስኪከፍተው ድረስ ባለቤቱ ራሱ አያጭደውም። ባለቤቴ አፈረ። ሸክሙን በሁለት እጁ፣ ሕፃን እንደሚመልስ ሰው አድርጎ ዘረጋላቸው። እሳቸውም ተቀበሉት፤ ግን ተቀብለው ምን እንደሚያደርጉት የማያውቁ መሰሉ። ወስደው ቢሄዱ እሳቸው ያጨዱት ይመስላል። ትንሽ አስበው ለፈረሱ ሰጡት። ፈረሱ ብቻ ነበር ደስ ያለው።

ከዚያ እኔን ተመለከቱ። ከሩቅ ሆነው ጩኸታችንን ሰምተዋል።

"ባልና ሚስት ናችሁ?"

"ነን።"

"ቤተሰብ ያውቃል?"

"ያውቃል። ደግሰው ነው የዳሩን።"

"ታዲያ ከቤት ማን አስወጣችሁ?"

"ማንም አላስወጣንም አባቴ። በፈቃዳችን ነው የወጣነው" አለ ባለቤቴ።

ሰውዬው መሬት ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ፣ መኪናዋን፣ በንፋሱ ያበጠ ዓይኔን አዩ። "እዚህ ቆዩ" ብለው ፈረሱን አዙረው ሄዱ። እኛ የሣሩን ቅጣት ሊያመጡብን ነው ብለን ፈራን። መሸሽም አሰብን፤ ግን መኪናዋ በብርድ በቶሎ አትነሳም።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። አብረዋቸው ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጃንጥላ የያዙ ቄስ እና ባለቤታቸው በእግር ይመጣሉ። የቄሱ ባለቤት የታጠፈ ጥቁር ባና ተሸክመዋል። ሦስቱም ፊታቸው ኮስተር ብሏል። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙንና ዙሪያውን ቃኝተው፣ "እስቲ ቁጭ እንበል" አሉ። ያኔ ገባኝ። የመጡት ለሣሩ አይደለም፤ ሊያስታርቁን ነው።

ታጣፊ ወንበሮቻችንን ለቄሱና ለባለቤታቸው ሰጠን። ጠባቂው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጀሪካን ላይ፣ ባለቤቴ የተጠቀለለው ምንጣፋችን ላይ ተቀመጥን። ቄሱ በስመ አብ ብለው ከፈቱና በመጀመሪያ እኔ እንድናገር ፈቀዱ።

"ዘንግ ረስቶ መጣ" አልኩ።

"የምን ዘንግ ልጄ?"

"የድንኳኑ።"

ቄሱ ጨርቁን አዩት። "ድንኳን ያለ ምሰሶ ይቆማል እንዴ?"

"አይቆምም አባ።"

"አይቆምም" አሉ ለጠባቂው። ጠባቂውም አይቆምም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባለቤቴ ተራው ሲደርስ ድንኳኑን ያጣጠፍኩት እኔ መሆኔን ገለጸ። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዳ፤ ከዚህ ይህ ከተከተለ፣ ከዚህም ያ ይከተላል እያለ። እየተናገረ ምንጣፉ ላይ ወዲያና ወዲህ ይቁነጠነጣል፤ የጨነቀው መስሏቸው አዘኑለት። ሲጨርስ ሦስቱ ተያዩ። ያንን ሁሉ መንገድ የመጡት ለዘንግ መሆኑ አልተዋጠላቸውም።

"ሌላስ?" አሉ ቄሱ።

"ሌላ የለም አባ።"

"እሺ፣ ግን ሌላስ?" አሉ የቄሱ ባለቤት፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው።

ሰው እንደዚያ ሲጠየቅ ዝም ማለት ይከብዳል። ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ፣ መስቀል በያዘ ሰው ፊት፣ ምንም የለኝም ብሎ መመለስ ውሸት መሰለኝ። "የጥርስ ሳሙና አይከድንም" አልኩ።

ቄሱ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። "ልጄ፣ ለምን አትከድነውም?"

"እረሳለሁ አባ።"

"ይኸው፣ የሚረሳ ሰው ነው" አልኩ፤ ነገሩ ወደ ዘንጉ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

"ለእሷ ብለህ ክደነው" አሉት። "እሺ አባ" አለ። ከዚያ እሱም ተበረታትቶ፣ መንገድ የምነግረው ማዞሪያውን ካለፍን በኋላ ነው ብሎ ከሰሰኝ። ይህ ደግሞ ጠባቂውን በጣም ነካቸው፤ ፈረስ እንኳን ቀድሞ ካልተነገረው አይታጠፍም አሉ። እኔ ስለ ማንኮራፋቱ ተናገርኩ። እዚህ ላይ የቄሱ ባለቤት ባላቸውን በዓይናቸው ጠርዝ አይተው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቄሱ ማንኮራፋት በሽምግልና የሚታይ ነገር እንዳልሆነ ፈጠን ብለው ወሰኑ።

በመጨረሻ ቄሱ ቆሙ። "ዘንግ ይገዛል። ትዳር ግን አይገዛም። ተነሱና ይቅር ተባባሉ" አሉ።

ተነሳን። ባለቤቴ ሲነሳ የተቀመጠበት ምንጣፍ ጥቅሉ ተፈትቶ ተንከባለለ። ከመሐሉ ጥቁር ቀጭን ከረጢት ወጣ፤ ከከረጢቱ አፍ የሚያብረቀርቁ ዘንጎች ተስበው መሬት ላይ ተዘረጉ።

የቄሱ ባለቤት ጎንበስ ብለው አንዱን ዘንግ አነሱና፣ "ይሄ ነው?" አሉ።

"እሱ ነው" አለ ባለቤቴ።

"ተቀምጠህበት ነበር።"

"ቆርቁሮኝ ነበር" አለ በቀስታ።

ጠባቂው ባናቸውን ወደ አፍንጫቸው ከፍ አድርገው ፊታቸውን ወደ ፈረሱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ምንጣፉ ውስጥ ማን እንደጠቀለለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁለታችንም ሌላው ነው እንላለን። እኔ ያኔውኑ ልቀጥል አፌን ስከፍት ቄሱ እጃቸውን አነሱ። "ታርቃችኋል። ዘንጉ መገኘቱ እርቁን አያፈርሰውም" አሉ። ተቃቀፍን። የቄሱ ባለቤት እልል አሉ።

ከዚያ አምስታችን ሆነን ድንኳኑን ተከልን። ቄሱ ውስጡን ሳያዩ መሄድ ስላልፈለጉ ጫማቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ባለቤቴ ንፋሱ እንዳይገባ ብሎ ዚፑን ዘጋው። ዚፑ ያዘ። ስንጎትተው ጨርቁን ነከሰ። ቄሱ ከውስጥ መጀመሪያ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ስፋቱን አመሰገኑ። ትንሽ ቆይተው፣ "ልጆቼ፣ በሩ በየት በኩል ነበር?" አሉ። ጥምጥማቸው ጣሪያውን እየገፋ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ከውጪ ይታየናል። ባለቤታቸው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው በሳቅ ያለቅሳሉ። ዚፑን በያዝነው ሻማ አሽቼ እስክከፍተው ድረስ ቄሱ ድንኳኑን ከውስጥ ባረኩት።

ባናውን ትተውልን ሄዱ። ስለ ሌሊቱ ብዙ አልናገርም፤ ፋብሪካው ጓሳን አያውቀውም። ባናው ባይኖር ይህን የሚጽፍ አይገኝም ነበር። ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ግግር ብሎ፣ በሩን ስከፍት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ባለቤቴ ቅር ብሎት፣ "እነሱን ማን ፈቀደላቸው?" አለ።

ባናውን ለመመለስ ወደ ቄሱ ቤት ስንሄድ በር ላይ ለብሰው ሲጠብቁን አገኘናቸው። የባለቤታቸው የእህት ልጅ ወልዳ፣ በራቤል መንገድ ላይ የክርስትና ድግስ አለ። ፏፏቴውንም ያውቁታል፤ ከድግሱ ቤት ወዲህ ነው፤ ያሳዩናል። ብቻ መኪናዋ ላይ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ሞልቶ አልን። ያኔ የቄሱ ባለቤት ከጓሮ አንዲት በግ እየሳቡ መጡ። ለሕፃኑ የተሰጠች ነች፤ እንድትወልድለት።

የኋላ ኮፈኑ በዕቃ ሞልቷል። ስለዚህ ቄሱ ከፊት፣ እኔና የቄሱ ባለቤት ከኋላ፣ በጓ ከመካከላችን ሆነን ሄድን። በጓ መኪና ገብታ አታውቅም፤ ግን ከእኔ ይልቅ ተረጋግታ ነበር። ዳገት ላይ መኪናዋ ሲያቅታት ከሾፌሩ በቀር ሁላችንም ወርደን እንገፋለን፤ በጓ ግን ተቀምጣ ትወጣለች። አንድ ዳገት ላይ ተቃራኒ የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ያዩናል። እንደሚመስለኝ ሁሉም ያሰቡት፣ ቄስ ጭምር ወርዶ የሚገፋላት በግ ምን ዓይነት በግ ብትሆን ነው ብለው ነው።

"እዚያው ነው" የተባለው ፏፏቴ ከመንገዱ ወጥተን ረጅም መንገድ ከተጓዝን በኋላ እንኳን አልታየም። በጓን መኪና ውስጥ መስኮት ከፍተን ትተናታል። ጠባብ ጅረት ተከትለን የገብስ ማሳ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ የአስታ ቁጥቋጦ የበቀለበትን አፋፍ ይዘን ሄድን። ቄሱ በዚያ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረው ፏፏቴውን ለማየት ብለው ሄደው እንደማያውቁ ነገሩን። "ውሃ እንቀዳለን፣ ከብት እናጠጣለን። ቆመን አይተነው አናውቅም" አሉ። ነገሩ አሁን እሳቸውንም አጓጓቸው መሰለኝ፣ እርምጃቸው ፈጠነ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ መሬቱ በድንገት አለቀ። ከታች ቆላው እንደ ጭስ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። ጅረቱ እዚያ ደርሶ ከድንጋዩ ላይ ወደ ገደሉ ይገባል። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ እኔን ከኋላው አስቁሞ እጁን ዘረጋ። በቪዲዮ እንዳየው ሰው። ወደ ገደሉ አንገቴን አስግጌ ባይ የሚወርድ ውሃ የለም። ባዶ ድንጋይ ብቻ ነው።

"ፏፏቴው የታል አባ?" አለ ባለቤቴ።

ቄሱ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ፊታችን ላይ ውሃ ተረጨ። ዝናብ መስሎኝ ቀና አልኩ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከቆላው የሚነሳው ንፋስ ውሃውን ገደሉን ሳይወርድ ይዞ ወደ ላይ እየመለሰው ነበር። ውሃው ከአፋፉ ይወድቃል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ተመልሶ በእኛ ላይ ይወርዳል።

"ያው፣ ላያችሁ ላይ ነው" አሉ ቄሱ።

ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ንፋሱ ወዲያው ገልብጦ እንደ ገበቴ አደረገው፤ ገበቴው በውሃ ተሞልቶ በራሳቸው ላይ ፈሰሰ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ኋላ መሸሽ ሲገባቸው ወደ ፊት ሄዱ፤ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ውሃው እንደ በረዶ ነበር። በፀሐዩ ውስጥ ቀስተ ደመና ወጥቶ እግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎች ሩቅ መንገድ ሄደው የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ይሆን ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ ግን ስልኩን በሸሚዙ ውስጥ ደብቆ በደረቱ ተኝቶ ነበር።

በስብሰን ስንመለስ በጓ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ለመንገድ የያዝነውን ቆሎ ከነላስቲኩ ጨርሳ፣ መሪው ላይ አገጯን አስደግፋ ጠበቀችን።

ድግሱ ቤት እንደዚያው ገባን። ውሃ ከሁላችንም ይንጠባጠባል። አንድ ሽማግሌ ከበሩ አይተውን፣ "ዛሬ ክርስትና የተነሣው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ወደ ጓዳ ወስደው የደረቀ ቀሚስ አለበሱኝ፤ ሦስት እኔን የሚይዝ ስለነበረ በገመድ አሰሩልኝ። ለባለቤቴ የሕፃኑን አያት ካፖርት ሰጡት፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ይጎተታል። ጥሩው ቦታ ላይ አስቀምጠው የገብስ ጠላ ቀዱልን፤ ሥጋ ደራረቡልን። ቄሱ ስለ ድንኳኑ ሲያወሩ ዚፑ ያለበት ክፍል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ያችኑ ክፍል ከፍ አድርገው ይጨርሱላቸዋል። ሕፃኑ በጓን አይቶ አለቀሰ።

ስንነሳ ፀሐይ ወደ ጥግ አዘንብላ ነበር። መልሰን የለበስነው ልብሳችን እሳት ዳር ደርቆ ጭስ ጭስ ይላል። መኪናዋ እንደ ልማዷ አልነሳም አለች። እንግዶቹ ተጠራርተው ሊገፉልን መጡ፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ከመካከላቸው ገብቼ ገፋሁ። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ባለቤቴ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ተነሳ። ሁሉም አጨበጨበ። እሱ ዳግም እንዳይጠፋበት ፈርቶ እግሩን ሳያነሳ፣ ጡሩንባውን እየነፋ፣ በደስታ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ቁልቁል ሄደ። እኛም እጃችንን አወዛወዝንለት። እኔም አወዛወዝኩ። አቧራው ሲቀንስ፣ ከጎኔ ሲገፉ የነበሩት ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ።

"እርስዎ አብረው አይሄዱም?" አሉኝ።

የቄሱ ባለቤት እጄን ይዘው ቁልቁል ሸኙኝ። ስለ ሆነው ስላልሆነው እያወራን፣ ሳንቸኩል ሄድን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ትንዘፈዘፋለች፤ ባለቤቴ በአንድ እግሩ ነዳጁን እየረገጠ፣ በሌላው ከበሩ ወጥቶ፣ ባዶውን ወንበር እያየ ነበር። የቄሱ ባለቤት በሩን ከፍተው አስገቡኝና በሩን በደንብ ዘጉት፤ ከዚያ በመስኮት አጎንብሰው እሱን፣ "ይኸው፣ አምጥቼልሃለሁ" አሉት።